ከቁልፍ ውጪ የቀረች ፎቶ

እትዬ የሺ ደወሉ! ከሐዋሳ፣ ራሳቸው፣ ወደ ስቱዲዮው ስልክ። ጋሽ ብርሃኑ ድምፁን ለሁላችንም ከፍተው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና «ይናገሩ፤ ልጅቷ እየሰማችዎት ነው» አሏቸው። እትዬ የሺ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። «የወንድሜን የሙት ዓመት ፊልም ያቺ ልጅ ትሥራልኝ። ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ።»

ጮኽኩ። እንዴት እንደጮኽኩ አላውቅም፤ ብቻ ናካቶ የያዘችው ሮሌክስ፣ ያ በቻፓቲ የተጠቀለለው እንቁላል፣ ከእጇ አምልጦ ኪቦርዱ ላይ ተዘረገፈ። ከታች ያለው የሳህን ጅምላ ነጋዴ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ሰው ላከብን። ጋሽ ብርሃኑ ዝም በይ፣ ዝም በይ እያሉ በእጃቸው ምልክት ያሳዩኛል፤ እሳቸው ራሳቸው ግን እየሳቁ ነበር።

ደንበኛ ሥራ ሰጠ ተብሎ እንዲህ ይጮኻል እንዴ ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የሚገባችሁ ከመጀመሪያው ቀን ከጀመርኩላችሁ ነው። የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ጡረታ የወጡ ሰዎች እንደሆኑም አውቃለሁ፤ እኔ ማሂ ገና አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ግን ለአንድ ጡረተኛ የሚበቃ እፍረት በዚህ ዕድሜዬ ሰብስቤያለሁ፤ ስለዚህ ይፈቀድልኝ።

ሥራ ያስገባችኝ እናቴ ናት። ሲኒየር ፎር፣ የሁለተኛ ደረጃውን አራተኛ ዓመት፣ ተፈትኜ ረጅሙ እረፍት ላይ ነበርኩ። እናቴ እዚሁ ካምፓላ፣ ኪዋቱሌ ሰፈር፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ናት፤ ጋሽ ብርሃኑ እዚያ ምሳ ይበላሉ። «ቤት ተጎልታ ስልክ ከምትነካካ፣ እርስዎ ጋ መጥታ ትነካካ» አለቻቸው። እሳቸውም «ትምጣ» አሉ።

ስቱዲዮው ኦልድ ካምፓላ ነው፤ ከትልቁ መስጊድ ቁልቁል ሲወረድ፣ ከሳህን ጅምላ ነጋዴው በላይ። ጋሽ ብርሃኑ የሐበሻውን ሠርግ፣ ክርስትናና ለቅሶ የሚቀርጹ ካሜራማን ናቸው። ናካቶ ደግሞ ኤዲተር ናት፤ ኡጋንዳዊት፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ የሐበሻ ሠርግ ስትቆርጥ ስትቀጥል አማርኛ የለመደች። ስለዚህ አማርኛዋ በ«ሙሽራዬ» ይጀምርና በ«እልልል» ያልቃል፤ መሀሉን በእንግሊዝኛ ትሞላዋለች።

ጋሽ ብርሃኑ ወንበር ሳይሰጡኝ ጠየቁኝ። «ኮምፒውተር ትችያለሽ?»

«እችላለሁ!» አልኩ። ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ ሪፖርት ካርዴ ላይም ጥሩ ነበር።

ናካቶ ከስክሪኑ ሳትዞር «ኛቦ ትችላለች» አለች። ኛቦ በሉጋንዳ እመቤት ማለት ነው። ያን ቀን እንደ ክብር ወስጄው ነበር።

የመጀመሪያው ማዕረጌ ገልባጭ ነበር። የገልባጭ ሥራ ይህ ነው፦ የካሜራውን ካርድ ትቀበያለሽ፣ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ትገለብጫለሽ፣ ከመጀመሪያው፣ ከመሀሉና ከመጨረሻው አንዳንድ ቪዲዮ ከፍተሽ ታያለሽ፣ ከዚያ ብቻ ካርዱን ታጠፊያለሽ። ሳያዩ ማጥፋት በስቱዲዮአችን ትልቁ ኃጢአት ነው። ይህን አልሠራሁም። የሠራሁት ሌላ ሌላውን ነው።

አንድ ደንበኛ የሽምግልናውን ቀን በአሮጌ ስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ አመጣና ከሠርጉ ጋር ይግባልኝ አለ። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ «ስሪ ጂፒ» ይላል። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ አልቀበልም አለ። እኔ ምን አደረግኩ? ያንን አጠፋሁና በቦታው «ኤምፒ ፎር» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ እጄን አጣጥፌ ይከፈታል ብዬ ጠበቅኩ። ናካቶ ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር።

«ማሂ ፍየሏን በግ ብላ ጠራቻትና አሁን ‹ባ› እስክትል እየጠበቀች ነው» አለች። ጋሽ ብርሃኑ ካሜራ የሚያጸዱበትን ጨርቅ አፋቸው ላይ ይዘው ወጡ። ፊቴ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

ማስተማሩን ግን ታውቅበታለች። ምሳ የምታመጣበትን የፕላስቲክ ዕቃ አንስታ ፊቴ ላይ አቆመችው። «ኤምፒ ፎር ማለት ይቺ ዕቃ ናት። ውስጧ የበቆሎ ፖሾ ይሁን የሙዝ ማቶኬ ከውጭ አታውቂም። ክዳኑ ላይ የምትጽፊው ስም ውስጡን አይቀይረውም። ውስጡን መቀየር ከፈለግሽ አውጥተሽ እንደገና ማብሰል ነው።» የውስጡ፣ ማለትም ምስሉ የታመቀበት ዘዴ፣ ኮዴክ ይባላል። እንደገና ማብሰሉ ደግሞ ኮንቨርት ማድረግ ነው። ካበሰልሽው በኋላም ከመጀመሪያው የተሻለ አይሆንም፤ ቢበዛ የሚበላ ይሆናል።

ይህን ከተማርኩ በኋላ እንኳ ክዳን ብቻ አይቼ ተሸወድኩ። ያለቀ የሠርግ ቪዲዮ በፍላሽ ይዤ ኪዋቱሌ ሙሽሮቹ ቤት ተላክሁ። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ሕፃናት ቲቪው ሥር ተደርድረዋል። ፍላሹን ሰካሁት። እልልታው መጣ፣ ዘፈኑ መጣ፣ ምስሉ ግን የለም፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። እንደገና እልልታ፣ እንደገና ጨለማ። የሙሽራዋ አጎት ሶፋው ላይ ደገፍ ብለው «ልጄ፣ ሬዲዮ ነው እንዴ ያመጣሽልን?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ጫማዬን ሳላስር በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ሸሸሁ።

ነገሩ ቀላል ነበር። ያመቅኩት በአዲሱ ኮዴክ ነው፤ የእነሱ ቲቪ አሮጌ ስለሆነ አያውቀውም። ድምፁን ያውቀዋል፣ ምስሉን አያውቀውም። ናካቶ «እኛ ጋ ሠራ ማለት እነሱ ጋ ሠራ ማለት አይደለም። ሁልጊዜ በጣም መጥፎው ዕቃ ላይ ሞክሪው» አለችና ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልኳን መሞከሪያ ብላ ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲህ ገባኝ። እውነቴን ነው፤ እየገባኝ ሄደ። የስቱዲዮው ድረ ገጽ ለብቻዬ ተሰጠኝ። ዘመድ ሁሉ በየአገሩ ስለሆነ ደንበኞቻችን ቪዲዮ በሊንክ መላክ ይወዳሉ። ኔትዎርክ ደካማ ለሆነበት ትንሽ መጠን፣ ጥሩ ለሆነበት ትልቅ መጠን አድርጌ እጭናለሁ። የቪዲዮው ማውጫ ከፋይሉ መጨረሻ ላይ ከተቀመጠ ሁሉም እስኪወርድ አንዳንዱ ስልክ ማጫወት አይጀምርም፤ ወደ ፊት ከመጣ ግን ገና እየወረደ ይጫወታል። ይህን ራሴ አንብቤ ነው ያገኘሁት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴቶች «ኢንጂነሯ» ይሉኝ ጀመር። እናቴ ምግብ ቤት ውስጥ ለማይጠይቋት ሰዎች ሁሉ ታወራ ነበር። እንግዲህ ከፍ ያልኩት እዚህ ድረስ ነው።

ጋሽ ለማ በዚያው ሰሞን አረፉ። ኪኩቦ ገበያ ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። ካምፓላ ሠርግ ላይ የተገኘ ሐበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ሙዚቃው ገና ሲጀምር ክራባታቸውን ፈትተው ጭንቅላታቸው ላይ አስረው መሀል የሚገቡት እሳቸው ናቸው። ድንገት ታመሙ፣ ብዙም አልቆዩም። ቀብሩን ጋሽ ብርሃኑ ቀረጹት።

የጋሽ ለማ ሚስት ወንድም አቶ ግርማ ስቱዲዮ መጡ። ደክሟቸው ነበር፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «እህቱ የሺ ሐዋሳ ናት» አሉ። «እስካሁን አልተነገራትም። ደም ግፊት አለባት፣ ያለ እሱም ወንድም የላትም። ልጇ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ነው የሚጠበቀው። እሱ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው በጠዋት ቤቷ ገብተው መርዶውን ይነግሯታል። ቪዲዮውን ከዚያ በኋላ እንድታየው በፍላሽ አድርጉልኝ፤ የሚሄድ ሰው አለ።»

አፍሽን ያዥ ያለኝ አልነበረም። «በፍላሽ ለምን? በሊንክ ዛሬውኑ ይደርስ የለ!» አልኩ።

«የቤተሰቡ ግሩፕ ውስጥ እሷም አለችበት እኮ፣ ልጄ።»

«እቆልፈዋለሁ። የይለፍ ቃሉን ለሽማግሌዎቹ ብቻ ይነግሯቸዋል። እሳቸው ቢነኩት እንኳ አይከፈትም።»

አቶ ግርማ ወደ ጋሽ ብርሃኑ ዞሩ። ጋሽ ብርሃኑም «ልጅቷ ታውቃለች» አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ሳስብ ከምንም በላይ የምታንገበግበኝ ይቺ ቃል ናት።

ናካቶ ያን ዕለት አልነበረችም፤ ለዘመድ ጉዳይ ማሳካ ሄዳ ነበር። ቪዲዮውን ብቻዬን ጨረስኩ። ድረ ገጹ ላይ ጫንኩት፣ ስሙን ጻፍኩ፣ ቆለፍኩት። የተሳሳተ የይለፍ ቃል አስገብቼ ሞከርኩ፤ አልከፈተልኝም። በሌላ ኮምፒውተር ሞከርኩ፤ አልከፈተልኝም። ከዚያ ሊንኩን አቶ ግርማ የስቱዲዮውን ስልክ ባስገቡበት የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ላክሁትና ሻይ ልጠጣ ወረድኩ።

ተመልሼ ስልኩን ሳነሳ ሊንኩ ብቻውን አልነበረም። ከሥሩ ፎቶ ወጥቶለታል። ማንም ሳይከፍተው፣ ማንም ሳይነካው፣ በራሱ። አበባ የተደፋበት የሬሳ ሳጥን፣ በራስጌው በጥቁር ጨርቅ የታሰረ የጋሽ ለማ ፎቶ። ከሥሩ ደግሞ በእጄ የጻፍኩት ርዕስ፦ የአቶ ለማ የቀብር ሥነ ሥርዓት።

ከፎቶው በታች አንድ መልስ ነበር። የእትዬ የሺ ነው። «የቱ ለማ?» ይላል።

ለሁሉም አጥፋ የሚለውን ተጫንኩ። አጠፋሁት። ግን ምን ይጠፋል?

አቶ ግርማ ሲደውሉ አልጮሁብኝም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «ቤቷ ብቻዋን ነበረች። ጩኸቷን ሰምተው ጎረቤቶች ናቸው የደረሱላት» ብለው ስልኩን ዘጉ። በማግስቱ የእትዬ የሺ ልጅም ደረሰ፣ ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው ሄዱ፤ የሚነግሩት ነገር ግን አልነበራቸውም።

ናካቶ ስትመለስ እያለቀስኩ ነገርኳት። መጀመሪያ ምንም አልገባትም። «ሰውየው ሞቷል። እህቱ አትስማ ነው የምትሉት?»

«ትስማ! ግን እንዲህ አይደለም። ሰው ተሰብስቦ፣ ይዟት፣ ደግፏት ነው የሚነገራት። ብቻዋን አይሆንም።»

«እኛ ጋ በሬዲዮ ነው የሚነገረው» አለች። «አገር ሁሉ አንድ ላይ ይሰማል፣ ከዚያ ይመጣል።» ቦርሳዋን አስቀመጠች። «ግን ሬዲዮም ቢሆን ሰው ብቻውን አይሰማውም፤ የጎረቤቱም ተከፍቶ ነው።» ከዚያ የሠራሁትን ከፍታ አየች። «ቁልፍሽ ደህና ነው። የቆለፍሽው ግን በሩን ነው። ስሙና ፎቶዋ በሩ ላይ ተለጥፈዋል።»

እንዲህ ነው። ሊንክ ሲላክ የመልእክት መተግበሪያው ገጹን ስምህ ማነው፣ ሽፋንህ የቱ ነው ብሎ ይጠይቀዋል፤ ገጹም ይመልሳል። የይለፍ ቃል የሚጠየቀው ቪዲዮውን የሚያጫውት ሰው ብቻ ነው። ሽፋኑን ራስሽ ካልመረጥሽ ደግሞ ማሽኑ ከቪዲዮው መሀል አንዷን ምስል ያነሳል። ማሽን ሳጥን ምን እንደሆነ አያውቅም። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ በአጭሩ ልለፈው፤ እየጻፍኩት እንኳ አንገቴ ይሰበራል። «ኢንጂነሯ» ቀርቶ «መርዶዋ» ተባልኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኋላ መቆም ጀመርኩ። አንድ ቀን የቦዳው ልጅ አቋራጭ ብሎ በኪኩቦ ይዞኝ ገባ፤ በጋሽ ለማ ሱቅ ስናልፍ በሩ ዝግ ነው፤ ሻሼን ፊቴ ላይ ጎትቼ ጭንቅላቴን ከጀርባው ደበቅኩ። እናቴ ደንበኞቿ ስለ እኔ ሲጠይቋት «ደህና ናት» ብቻ ትላለች፤ ድሮ ሳይጠይቋት የምታወራው ሴትዮ!

ያባርሩኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጋሽ ብርሃኑ ግን ወደ ገልባጭነት መለሱኝና ድረ ገጹን ለናካቶ ሰጡ። ሌላ አልተናገሩኝም። አንድ ጠዋት ሌንስ እየጠራረጉ «እህታቸው ለአርባው ካምፓላ መጥተዋል። ለቅሶ እንደርሳለን» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ አልችልም።»

«ስለማትችዪ ነው አብሬሽ የምሄደው። ደግሞ ‹ታውቃለች› ያልኩት እኔ ነኝ፤ የእኔም መሄጃ ነው።»

ቤቱ ኪዋቱሌ ነው። እትዬ የሺ ጥቁር ለብሰው መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጠዋል፤ ግራና ቀኛቸው ሴቶች ናቸው። እንደገባሁ ሴቶቹ ተያዩ። ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ሙሉ ይቅርታ ይዤ ነበር የመጣሁት፤ በታክሲው ውስጥ ስሸመድደው ነበር፤ እግራቸውን ብቻ ጭምቅ አድርጌ ያዝኩ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ። «ተነሺ እስቲ። እግሬን ይዘሽ ምን ላድርግልሽ ነው።»

ተነሳሁ። አገጬን በእጃቸው ቀና አድርገው አዩኝ። «ልጅ እኮ ነሽ» አሉ፤ እንደ መገረም። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣብኝ ያቺ ፎቶ ናት። ያቺ ሳጥን። ስንት ዓመት አብሬው ያደግሁት ፊት አልመጣ አለኝ። ሌላ የለሽም? በሕይወት ያለ?»

«እፈልጋለሁ» አልኩ።

ከጎናቸው ያሉ ሴትዮ «ያኔም እቆልፋለሁ ብላ ነበር አሉ» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለጣሪያው። ማንም አልሳቀም። እትዬ የሺ እንዳልሰሙ ሆነው «ፈልጊልኝ» አሉ።

ፈለግኩ። ገልባጭ መሆኔ ጠቀመኝ፤ የስቱዲዮው አሮጌ ነገር ሁሉ በእጄ ነው ያለው። ጋሽ ለማ በማንም ሠርግ ላይ ዋና ሰው አልነበሩም፤ ስለዚህ የእሳቸው ፊልም የሚባል የለም። ሁልጊዜ በሌላ ሰው ደስታ ጠርዝ ላይ ናቸው፤ ካሜራው ሙሽሮቹን ሲከተል በግራ በኩል ክራባት ያሰረ ጭንቅላት ብቅ ይልና ይጠፋል። ሲዲው የተቧጨረ አለ፤ አሁን ማንም የማይጠቀምበት ፎርማት አለ፤ በስልክ የተቀረጸ፣ ፊት ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ አለ። እያንዳንዱን አውጥቼ ኮንቨርት አደረግኩ። ስም መቀየር የለም፤ ማብሰል ነው።

አንዱን ስከፍት ጋሽ ለማ ሁለት ሰው አክለው መጡ። ናካቶ ከኋላዬ «እንዲህ ወፍራም ነበሩ እንዴ?» አለች። የድሮው ምስል ወርዱ ጠባብ ነው፤ ፕሮግራሙ ለሰፊው ስክሪን ብሎ ለጥጧቸዋል። ወርዱን መለስኩት፤ ጋሽ ለማም ቀጠኑ። ሌላው ላይ ሲወዛወዙ ምስሉ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል፤ ናካቶ እሱ እንዴት እንደሚጠፋ አሳየችኝ። ያን ቀን ኛቦ አላለችኝም።

ከዚያ አገኘሁት። የአንድ ሠርግ ጥሬ ቪዲዮ ነው፤ በመጨረሻው ቅጂ ውስጥ እንኳ አልገባም። የሙሽራው አባት ዓይን አፋር ናቸው፣ ወንበራቸውን ይዘው አልነሳም ይላሉ። ጋሽ ለማ ቀይ ክራባት ጭንቅላታቸው ላይ አስረው ይመጡና ወንበሩ ፊት ተንበርክከው ትከሻቸውን ያንቀጠቅጡታል፤ አባትየው ሲሸነፉና ሲነሱ ጋሽ ለማ ወደ ካሜራው ዞረው ይስቃሉ። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል። ከፊትና ከኋላ ያለውን ቆረጥኩ፣ ዘፈኑን ዝቅ፣ ሳቁን ከፍ አደረግኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ጽሑፍም፣ ሻማም፣ የሐዘን ዋሽንትም።

ሽፋኑን ራሴ መረጥኩ፤ ወደ ካሜራው የዞሩባትን። በናካቶ የተሰነጠቀ ስልክ ላይ አጫወትኩት። ከዚያ ለእናቴ ላክሁላትና ደወልኩ። «እማ፣ እንዳትከፍቺው! ሳትከፍቺው ምን ይታይሻል?»

«ክራባት ጭንቅላቱ ላይ ያሰረ ሰው ይስቃል» አለች። ከዚያ «ውይ፣ ለማ እኮ ነው» ብላ ከፈተችው።

ለእትዬ የሺ ግን ዝም ብዬ አልላክሁም። መጀመሪያ ደወልኩ። ያኔ ወደ ሐዋሳ ተመልሰው ነበር። «እትዬ፣ ማሂ ነኝ፣ ከካምፓላ። ብቻዎን ነዎት?»

«ልጄ አጠገቤ ነው። ምነው?»

«አግኝቼዋለሁ። ልላክልዎት?»

«ላኪው» አሉ።

ላክሁት። ጠበቅኩ። ጋሽ ብርሃኑም ናካቶም የማይጠብቁ መስለው ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ የድምፅ መልእክት ነው። መጀመሪያ ልቅሶ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው፤ ወይም ሁለቱም ነው። «ይሄ ክራባት!» ይላሉ። «እኔ ነኝ የገዛሁለት እኮ! ለሥራ ብዬ!»

ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ፤ ቃል አልሰማሁም፤ የምጠብቀውም አልነበረም። ናካቶ ድረ ገጹን ቀስ በቀስ መለሰችልኝ። ገጹን እንደገና ሠራነው፤ አሁን የተቆለፈ ቪዲዮ ሁሉ ሽፋኑ ባዶ ነው፣ ስሙም «የቤተሰብ ቪዲዮ» ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «መርዶዋ» ማለት ሙሉ በሙሉ አልቀረም። እኔም አልተቆጣሁም፤ የሠራሁት ነው።

እንግዲህ ዛሬ የደወሉት እኚህ ሴትዮ ናቸው። አሁን ለምን እንደጮኽኩ ገባችሁ? «ያቺ ልጅ» ሲሉኝ መጀመሪያ መርዶዋን ማለታቸው መስሎኝ ክው ብዬ ነበር፤ የጮኽኩት «ትሥራልኝ» ሲሉ ነው። ከሰዓት በኋላ አቶ ግርማም መጡ። የራሳቸውን የሠርግ ሲዲ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ለማ እዚህም ውስጥ አለ» አሉኝ። ወጥተው ከሄዱ በኋላ ተመልሰው ጭንቅላታቸውን በበሩ አስገቡ። «ግን ሽፋኑን አስቀድመሽ ታሳዪኛለሽ።» አሳያቸዋለሁ።

የተማርኩት ይህ ነው፦ ቪዲዮ ከመላክ በፊት፣ ለማይከፍተው ሰው ምን እንደሚታየው ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ጋሽ ለማ በሠርጋችሁ፣ በክርስትናችሁ፣ በልጃችሁ ምርቃት ላይ ጨፍረው ከሆነ ቪዲዮውን አምጡልኝ። ሲዲ ይሁን፣ ካሴት ይሁን፣ የማይበራ ስልክ ውስጥ ይሁን፣ ጀርባቸው ብቻ ይታይ፣ ሳቃቸው ብቻ ይሰማ፣ አምጡት። አይከፈትም ብላችሁ አትጣሉት፤ ስሙንም አትቀይሩት፤ እንዳለ አምጡት። ወደ ላይ ስትወጡ ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሳህኖቹን እንዳትነኩ።

ፊልሙ የሚታየው በሙት ዓመቱ ቀን፣ ኪዋቱሌ፣ በጋሽ ለማ ግቢ በሚጣለው ድንኳን ውስጥ ነው። እትዬ የሺ ከሐዋሳ ይመጣሉ። «ወንድሜን የሚያውቅ ሁሉ ይምጣ፣ የማያውቀውም መጥቶ ይወቀው» ብላችሁ ንገሩልኝ ብለዋል። ወንዶች ክራባት አድርጋችሁ እንድትመጡም አደራ ብለዋል። እንዴት እንደምታስሩት እዚያ እናያለን።